አንድ ዓይኗን ያስቀረሁባት ሴት

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ሲሸኘኝ ጋቢ አለበሰኝ፣ ዳቦ አስቆረሰኝ፣ ንግግር አድርግ አለኝ። የቆየ ሹፌር፣ የሞተ ዘበኛ ሳይቀር እያነሣሁ አመሰገንሁ። ስለ አንዲት ሴት ግን ትንፍሽ አላልሁም። ይኼን ጽሑፍ የጀመርሁት ስለ እርሷ ነው እንጂ ስለ ጡረታ ወረቀትና ስለ ፎቶ ኮፒ ምልልስ አይደለም፤ ያን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሌለ አልፈዋለሁ።

ሥራዬ ሥዕል ነበር፤ የሚራመድ ሥዕል። እዚሁ ጎንደር፣ ለገጠር ትምህርት የሚሆኑ አጫጭር ፊልሞች የሚሠሩባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን። ዛሬ በኮምፒዩተር ቁጭ ብለው አንድ ቁልፍ ሲነኩ ሰውየው ይሮጣል። እኛ ጋ እንዲህ አልነበረም። ከሥሩ አምፖል የበራበት የመስታወት ጠረጴዛ አለ። በዚያ ላይ ወረቀት በወረቀት ደርበን፣ ከታች ያለውን ሥዕል በብርሃኑ እያየን የሚቀጥለውን ትንሽ ፈቀቅ አድርገን እንሥላለን። ከዚያ መስመሩን ወደ ግልጽ ፕላስቲክ ገልብጠን ቀለም እንቀባለን፤ ከላይ የተሰቀለው ካሜራ አንድ በአንድ ያነሣዋል። ለአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል ይፈልጋል። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ውኃ ስትቀዳ ለማሳየት አንድ ቀን ሙሉ ይሄዳል፤ ተመልካቹ በመሐል ካስነጠሰው ቀኑ አለፈ ማለት ነው።

በወረቀት አለቃዬ አቶ ደሳለኝ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከፊልሙ ይልቅ ማኅተሙን ይወዱ ነበር እንጂ። እጄን ያቀኑልኝ ግን የኔታ ተገኘ ናቸው። ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት በጭልጋና በወገራ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ስለነበሩ ከኃላፊው እስከ ተላላኪው ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን።

የኔታ ሰው ሲራመድ ከመሣላቸው በፊት ራሳቸው ይራመዳሉ። መቋሚያቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ይወጡና ወለሉን እየመቱ፣ ዜማ እያንጎራጎሩ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። እኔ ከጎናቸው እቆጥራለሁ፤ እግሩ በስንተኛው ምት መሬት ነካ፣ ትከሻው በስንተኛው ዝቅ አለ፣ ሁሉም ይጻፋል። ሴት ውኃ ተሸክማ የምትሄድ ከሆነ እውነተኛ እንስራ ሞልተው በገመድ ያዝላሉ። ለጉዳይ የመጣ የገጠር ሰው ሽማግሌ እንስራ አዝሎ በመንግሥት ቤት ኮሪደር ሲመላለስ ሲያይ ክው ይላል። አንድ ጊዜ አንዱ ጠጋ ብሎ "አያ፣ ምነው ጤናዎን?" ሲላቸው "ደኅና ነኝ፣ ስድስተኛው ላይ ነኝ፣ አታስረሳኝ" ብለውት አለፉ።

የተበላሸ ሥዕል አይቀድዱም ነበር። ከጠረጴዛቸው ሥር ያኖሩትና ምሳቸውን ሲበሉ አውጥተው ያዩታል። ፊት ሊሥሉ ሲሉ ተነሥተው እጃቸውን ይታጠባሉ። ዓይን ደግሞ ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው። አፍንጫው፣ አፉ፣ ሹሩባው ሁሉ አልቆ ዓይኑ ብቻ የቀረው ፊት ጠረጴዛቸው ላይ አድሮ ሳገኘው ትንሽ ያስፈራኝ ነበር።

ስለ ዓይን የነበራቸው ሕግ አንድ ነው። ጎንደር ያደገ ሰው ይኼን ማንም አይነግረውም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ያየዋል። ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ከሓዲው፣ ሰይጣኑ፣ ጌታን የሚገርፈው ወታደር ግን በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከበሩ ሆኖ ማን ማን እንደሆነ ለይቶ ያውቃል። የኔታ ይኼን ወደ ፊልም ይዘውት መጡ። ደግ ሰው ሲዞር እንኳ በፊት ለፊት በኩል ነው የሚያዞሩት፤ ሲሄድ ደግሞ ትንሽ ወደ እኛ ሰያፍ አድርገው፣ ሁለተኛው ዓይን ከአፍንጫው ወዲያ ብቅ እንዲል ይሥሉታል። ይህ ከባድ ሥራ ነው። እኔ በልቤ የሽማግሌ ግትርነት እለው ነበር።

የኔታ በጣም የደከሙበት ፊልም "የጠራ ውኃ" ይባላል፤ ርዝመቱ ስድስት ደቂቃ ነው። አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት ከብት የሚረግጠውን ምንጭ ላጥር ብላ ትነሣለች። መንደሩ ይስቅባታል። ኋላ የልጆች ሆድ ቁርጠት ሲተው አብሯት ያጥራል። ነገሩ ይኸው ነው። ለሴትዮዋ መልክ ያገኙላት ግን ከአይከል ወዲያ ካለች አንዲት ቀበሌ ነው። የቀበሌዋን ስም አልጠራም፤ ዛሬ እዚያ ያሉት ሰዎች የሠሩት ጥፋት የለም። የኔታ የዚያችን ቀበሌ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ራሳቸው የሣሉ ስለነበሩ ሰዉን ሁሉ ያውቁታል። ወይዘሮ የሻረግም ከዚያው የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ሴት ልጅ ያላት።

በአገራችን ሸክላ ሠሪ ላይ ያለውን ሐሜት ሁሉም ያውቀዋል። ጀበናውንና ድስቱን ይገዙታል፤ ዓይኑን ይፈሩታል። የሻረግም ከዚህ አልዳነችም፤ ገበያ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት አጠገቧ ስትደርስ ነጠላዋን በልጁ ፊት ላይ ስትጥል አይቻለሁ። የኔታ ልሣልሽ ሲሏት መጀመሪያ እምቢ አለች። ሦስት ቀን አስባ መጣችና የተናገረችውን ዛሬም እሰማዋለሁ።

"የኔታ፣ ልጄ ታጭታለች" አለቻቸው። "የእጮኛዋ ወገኖች ቅር እያላቸው ነው። እርስዎ ሸጋ አድርገው ከሣሉኝ ሰው ይተወኛል።"

"ሸጋ አድርጌ እሥልሻለሁ" አሏት።

ሁለት ሳምንት እዚያው ሰነበትን። ጭቃ ስትረግጥ፣ ገምቦ ስትገነባ፣ በድንጋይ ስትወለውል፣ እንስራ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ሣልናት። ግራ እግሯን ትንሽ ወደ ውጭ ትጥላለች። የገመዱን ጫፍ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ትይዛለች። ሰው ሲያያት ታፍርና ዞር ትላለች፤ ብቻዋን ስትሆን ግን ቀና ብላ ትሄዳለች። የኔታ የፈለጉት ይኸን ቀና ማለቷን ነበር።

ጎንደር ተመልሰን ወራት ሠራን። የገና በዓል ሲደርስ ሁሉም አልቆ ከምንጩ ወደ መንደሩ የምትሄድበት ብቻ ቀረ። አርባ ሰከንድ ነው። የኔታ የፈለጉት መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ እርሷም በሰያፍ፣ ሁለት ዓይኗ እየታየ እንድትሄድ ነው። እንደዚያ ከሆነ አንዱ ሥዕል ከሌላው አይደገምም፤ አራት መቶ ሰማንያ አዲስ ሥዕል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሣሉና ቀሪውን ለእኔ ትተው፣ እንደየዓመቱ ወደ ተወለዱበት ደብር ከገና እስከ ጥምቀት ሊያገለግሉ ሄዱ። ሲሄዱ ያሉኝ ዓይኗን አደራ ነው። ሁለቱንም አደራ አሉኝ።

ፊልሙን ወደ አዲስ አበባ የምትወስደው ማኪና የምትነሣው ከጥምቀት በኋላ ነበር። እንደ የኔታ ትእዛዝ ከሠራሁ ጥምቀትን ጠረጴዛ ላይ ማሳለፌ ነው። እኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ከሰፈር ጓደኞቼ ጋር አንድ ዓይነት ሸሚዝ አሰፍተናል፣ ጭፈራ ተለማምደናል፣ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ፣ ወደ ቀሐ ወርደን ታቦት እንሸኛለን። የማያት ልጅም ነበረች። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ ባለፉት ዓመታት ብዙ ፈለግሁ። አለቃ አስጨንቆኝ፣ ዓይኔን አሞኝ፣ መብራት እየጠፋ ብዬ ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ሁሉም ውሸት ነው። ጥምቀትን መጨፈር ፈልጌ ነው።

ሰውን በጎን ማስኬድ ቀላል ነው። አሥራ ሁለት ሥዕል ትሠራለህ፣ እነርሱኑ እያዞርህ ታነሣለህ፣ ከኋላ ያለውን ተራራ በጥቂት በጥቂቱ ትጎትታለህ፤ ሴትዮዋ እስከፈለግህ ድረስ ትሄዳለች። እንደዚያ አደረግሁ። የኔታ የሣሏቸውን ሥዕሎች ወደ ጎን አደረግሁ፣ የሻረግን በጎን አዞርሁ፣ አንድ ዓይን ሣልሁላት። እግሯ አሪፍ ወጣልኝ። ያ የግራ እግር፣ ያ የገመድ አያያዝ፣ ሁሉም አለ። በሁለት ቀን ጨርሼ፣ ራሴ በካሜራ አንሥቼ፣ የፊልም ቆርቆሮ ውስጥ አሽጌ አስቀመጥሁት። ስምንት ቀን አተረፍሁ። ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ በክፍላችን ግድግዳ ላይ አየነው። ያ ቦታ ሲደርስ የኔታ መቋሚያቸውን ከወለሉ አነሡት። ሲያልቅ ሌላው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቀው ሁለተኛውን ዓይን የት እንዳደረግሁት ጠየቁኝ። እኔም ጎረምሳ ነኝና መልስ አላጣሁም።

"የኔታ፣ ይኼ ፊልም ነው እንጂ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይደለም" አልኋቸው። "ሰው ሲሄድ በጎን ነው የሚታየው።"

"አንተ ፊልም ታያለህ" አሉኝ። "የገጠሩ ሰው ግን የሚያየው እኔ ግድግዳ ላይ የሣልሁለትን ነው።"

እንደገና ይሠራ ብለው አቶ ደሳለኝን ለመኑ። ጥሬ ፊልም የለም ተባሉ። እንግዲያው ያ ቦታ ይቆረጥ አሉ። አቶ ደሳለኝ ደግሞ ከፊልሙ ሁሉ ያማረው እርሱ ነው አሉና ፕሮግራሙን አጸደቁ። የመጀመሪያው ማሳያ በየሻረግ ቀበሌ፣ በገበያ ቀን ሆነ።

የትምህርት ቤቱን አንድ ክፍል መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፈንን፣ አቡጀዲ ወጠርን፣ ጄኔሬተሩን ከውጭ አስነሣን። ሰዉ ግጥም አለ። የሻረግን ከፊት አስቀመጧት፤ ቀሚሷን አጥባ፣ ልጇን ከጎኗ አድርጋ መጥታለች። ጭቃ ስትረግጥ ሲታይ ሰዉ ሳቀ፤ ደግ ሳቅ ነበር። ይቺ የኛይቱ የሻረግ ናት ተባባለ። ምንጩን ስታጥር ዝም ብሎ አየ። ከዚያ እንስራዋን አዝላ በጎን መሄድ ጀመረች። አርባ ሰከንድ አጭር ነገር መስሎኝ ነበር። ከኋላ አንዲት ሴት ቀስ ብላ "ምነው አንድ ዓይና?" አለች። አንዱ አማተበ፤ ከዚያ አጠገቡ ያለው። አንዲት እናት ልጇን አንሥታ ወጣች። ፊልሙ አልቆ ብርድ ልብሱ ሲነሣ የሻረግ የተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ከልጇ በቀር ሰው አልነበረም።

ሰዉ ጅል አይደለም። የሥዕል ቋንቋ ያስተማሩት የኔታ ናቸው። በሃያ ዓመት ውስጥ ማን ጻድቅ ማን ኃጥእ እንደሆነ በእርሳቸው እጅ ተማረ፤ እርሳቸው ደግሞ አንድም ቀን ዋሽተውት አያውቁም። አሁን ያው እጅ፣ ሲያሟት የኖሩትን ሴት፣ በአንድ ዓይን ሣላት። ሐሜት የነበረው በአንድ ቀን ማስረጃ አገኘ።

ከሁለት ወር በኋላ የደብሩ አስተዳዳሪ መልእክት ላኩ። የየሻረግን ዕቃ የሚገዛ ጠፍቷል፤ የልጇ እጮኛ ወገኖች ቃላቸውን መልሰዋል፤ አንድ ሕፃን ታሞ ሰው ወደ ቤቷ ድንጋይ ወርውሯል። የኔታ ይዘውኝ ሄዱ። እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሰዉ በአጸዱ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። የሻረግ ከሴቶቹም ራቅ ብላ ቅጥሩን ተደግፋ ቆማለች። የኔታ ተነሡ።

"ይቺ ሴት ንጽሕት ናት" አሉ። "አንድ ዓይኗን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።"

አያ መኩሪያ የሚባሉ፣ የሰበካው ሽማግሌ፣ ተነሥተው ጎንበስ አሉላቸው። "የኔታ፣ እርስዎ ሃያ ዓመት ሲሥሉልን አንድ ዓይን ተሳስተው አያውቁም" አሉ። "ደግ ስለሆኑ ነው ገመናዋን የሚሸፍኑላት። እኛ ግን አይተናል።"

ሰዉ በአንድ ድምፅ እውነት ነው አለ። የኔታ የበለጠ ሲምሉ የበለጠ ደግ መሰሉት። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የእርሳቸውን ስሕተት የሚያምን አንድ ሰው አልነበረም፤ የእኔን ግን ሁሉም ያምን ነበር። አንድ የከተማ ጎረምሳ፣ ጠባብ ሱሪ የለበሰ፣ ተነሥቶ "እኔ ነኝ፤ ጥምቀት ልጨፍር ቸኩዬ ነው" ቢል ሰድበውኝ፣ ስቀውብኝ፣ ምናልባትም ዱላ አቅምሰውኝ ነገሩ እዚያው ዛፍ ሥር ያልቅ ነበር። የኔታ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ከፍቼ የምጽፍ መሰልሁ። ምንም አልጻፍሁም። ሰዉ ተበተነ። ሥራዬን እንዳልነጠቅ ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እርሱም አልነበረም። ሰው ፊት ማፈር ከብዶኝ ነው፤ አንዲት ሴት በሕይወቷ ሙሉ ከምታፍር እኔ ግማሽ ሰዓት ማፈር ከበደኝ።

የኔታ ስንመለስ ማኪናው ውስጥ አልወቀሱኝም፤ ከዚያም በኋላ አንሥተውት አያውቁም። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲያ ፊት አልሣሉም። ጡረታ እስኪወጡ ተራራ፣ ዛፍ፣ የጎጆ ክዳን ብቻ ሠሩ። ፊት ሁሉ የእኔ ሆነ። የእኔ ፊቶች የምስክር ወረቀት አስገኙልኝ፣ የክፍሉ ኃላፊ አደረጉኝ፣ በኋላም ኮምፒዩተር ሲመጣ አሠልጣኝ አሰኙኝ። የኔታ ሲቀበሩ ስለ እጃቸው የተናገርሁት እኔ ነበርሁ።

የሻረግ ቀበሌዋን ለቅቃ ከጎንደር ወጣ ብሎ ወለቃ ላይ መንገድ ዳር ሸክላ ከሚሸጡት ጋር መቀመጧን ከሰማሁ ብዙ ዓመት ነው። ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ ለመስክ ስንወጣ ወለቃ ላይ ሁልጊዜ በሌላው ወገን ባለው መስኮት አያለሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልወረድሁም።

ባለፈው ወር አሁን ክፍሉን የምትመራው ሰላም ቤቴ መጣች። "የጠራ ውኃን" ከመጋዘን አግኝታ፣ አቧራውን አስጠርጋ፣ ወደ ዲጂታል አስገልብጣዋለች። ከተማው ውስጥ በአዳራሽ ልታሳየው ነው፤ እኔ ስለ ሥራው እንድናገር ትፈልጋለች። በስልኳ አሳየችኝ። ያ ቦታ ሲደርስ አቆመችውና "ጋሼ፣ ይቺን አረማመድ ማን ሣላት? ከፊልሙ ሁሉ እርሷን ነው የወደድሁት" አለችኝ። እኔ ነኝ አልኋት። እጄን ይዛ ሳመችኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በማግሥቱ ጠዋት ታክሲ ይዤ ወለቃ ወረድሁ።

ሸራ ወጥራ፣ ጀበናዎቿን ደርድራ ተቀምጣለች። ሸምግላለች። ልጇም ከኋላዋ ጭቃ ታሻለች፤ ከዚያ ወዲህ እንዳላገባች ሰምቼ ነበር። የሻረግ ማን እንደሆንሁ ወዲያው አወቀች። በርጩማ ሰጠችኝ፤ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት፤ ሥዕሉን፣ የኔታ አደራ ያሉኝን፣ ዛፉ ሥር ዝም ማለቴን።

"እኔኮ" አለች፣ "የኔታ ያዩብኝ ነገር አለ ብዬ ነበር። እርሳቸው የሰው ልብ የሚያዩ ሰው ናቸው። ምን ይሆን ያዩብኝ እያልሁ ስንት ጊዜ ንስሐ ገባሁ። የማላውቀውን ኃጢአት ስናዘዝ ቄሱ እንኳ ሰለቹኝ።"

መሬት መሬት እያየሁ፣ ፊልሙ በአዳራሽ ሲታይ ቆሜ ለሰው ሁሉ እንደምናገር ነገርኋት።

"ለየትኛው ሰው?" አለችኝ። "እነ አያ መኩሪያ ሞቱኮ።"

ልጅቱ ማሸቷን አቁማ ታየኛለች።

"ስንት ቀን ተረፈልህ?" አለችኝ የሻረግ።

"ስምንት ቀን" አልኋት።

"ለጥምቀት።"

"አዎ፣ እትዬ።"

እንደ መናቅም እንደ መቆጣትም አላለችም። አንድ ነገር ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው በሁለት ዓይኗ ትክ ብላ አየችኝ።

"ጥምቀቱ ሸጋ ነበር?" አለችኝ።

ሌላ ውሸት ልጨምርባት አልፈለግሁም። ሸጋ ነበር አልኋት።